የካሴቱ ምርቃት

ሁለቱ የልጅ ልጆቼ በአንድ የፈረንጅ ካሴት ተኳርፈው ክረምቱን ሙሉ አልተነጋገሩም ብዬ ስናገር ሰው ይስቃል። ዛሬ እኔም እስቃለሁ። ያኔ፣ የእንቁጣጣሽ ዕለት ዶሮውን በሁለት ሳህን ከፍዬ ሳቀርብ ግን በቤታችን ሳቅ አልነበረም።

እናታቸው የእኔ ልጅ ነበረች። ታማ ስታርፍ ትልቁ ፊደል እየቆጠረ፣ ትንሹ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ እየተከተለኝ ነበር። አማኑኤል አካባቢ ወዳለችው የቀበሌ ቤቴ ወስጄ አሳደግኋቸው። ብዙ ደንብ አላወጣሁባቸውም። አንዱ ግን የማይሻር ነበር፤ ከአንድ ትሪ ይበላል። ተጣሉም፣ ተቧጨሩም፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ እጃቸው እዚያው እንጀራ ላይ ይገናኛል። አንዱ ሌላውን ሳያጎርስ አይነሣም። እጁን ወደ ወንድሙ አፍ የዘረጋ ልጅ ቁጣው ብዙ አይቆይም፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው።

ያሳደግኋቸው ቅቤ ሸጬ ነው። ሱቄ መርካቶ ውስጥ ከማርና ከቅቤ ነጋዴዎች መደዳ ነበረች፤ ሰው ገብቶ ሲዞር ክርኑ ግድግዳ የሚነካባት ጠባብ ክፍል። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ከየአገሩ ይመጣል። አዲሱን ለጋ፣ ትንሽ የቆየውን መካከለኛ፣ ከርሞ ሽታው የጠነከረውን፣ ለራስ ምታት አናት ላይ የሚቀባውን፣ በሳል እንለዋለን። ገዢ ሁሉ ገና ከበር ሳለ “የሸኖ ነው?” ይላል። ሸኖ በቅቤው የታወቀ አገር ነው፤ የስሙን ያህል ግን ላም የለውም። መርካቶ ውስጥ የሸኖ እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ እውነት ከሸኖ የመጣ ቢሆን የሸኖ ሰው ወጡን በውሃ በሠራ ነበር። እኔ “የሸኖ አይደለም፤ አሽትተህ ግዛ” እላለሁ። በዚህ አመሌ የሄደብኝ ደንበኛ አለ፤ የቀረልኝም በዚሁ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሙዝ ልጦ ከቅቤ ጋር አሽቶ የሚሸጠው ነው። መልኩ ያው ቅቤ ነው። ጉዱ የሚወጣው እሳት ሲነካው ነው።

መዝኜ ስጨርስ በጣቴ ቆንጥሬ ምርቃት እጨምራለሁ። ምርቃት የመርካቶ ሕግ ነው። ሽንኩርት ሻጯ አንድ ሁለት ራስ ትመርቃለች፤ ወተት ሻጯ ከጣሳው ላይ ትንሽ ጠብ ታደርጋለች። ሳይመርቅ የሸጠ ነጋዴ ሚዛኑ ልክ ቢሆን እንኳ “ሰረቀኝ” ይባላል።

ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ከተነሣ ወዲህ ከተማው በዘፈን ተጥለቅልቆ ነበር። ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ ጎልማሳ ካሴት ቤት ከፈተ። ሁለት ካሴት ጎን ለጎን የሚጎርስ ማሽን ነበረው፤ በአንዱ በኩል እያጫወተ በሌላው ይቀዳል። ያገር ውስጡንም የውጭውንም፣ ያመጡለትን ሁሉ ይገለብጣል። ጠዋት መንዙማ፣ ረፋድ ላይ ትዝታ፣ ከሰዓት የህንድ ዘፈን እያሰማን እንውላለን። ልጆቹም ሶማሌ ተራ ካለ ነጋዴ አንድ ያገለገለ ቴፕ በጋራ ገዙ። እስከዚያ ድረስ ሰላም ነበር።

ከዚያ ትልቁ ያንን ካሴት ይዞ መጣ። የክፍል ጓደኛው ዘመድ ከውጭ ይዞት የገባውን አልበም ፊት ለፊታችን ያለው ካሴት ቀጂ ገልብጦለት ነው። ሮክ ነው አለኝ። ዘፋኞቹ አሜሪካኖች ናቸው። ፎቷቸውን አሳየኝ፤ ፀጉራቸው ያልተበጠረ፣ ሹራባቸው ያለቀ፣ ከለቅሶ የተመለሱ የሚመስሉ ልጆች።

“ምን ሆነው ነው?” አልኩት።

“ምንም አልሆኑም። አለባበሱ ነው።”

ብዙም ሳይቆይ እሱም ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ለብሶ መጣ። ሌሊት አውልቆት ሲተኛ ጠዋት ሳይነሣ ሰፋሁለት። ሲያየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። “እማዬ! ይኼንን ለመቅደድ እኮ ስንት ደከምኩ!”

ዘፈኑ ቀስ ብሎ፣ የሚያጉረመርም ሰው ድምፅ ይዞ ይጀምራል። ደህና ነው ስትሉ ቆርቆሮ ተራ ላይ ጭነት ሲራገፍ እንደሚሆነው ድንገት ይወርድና ሰውየው ጉሮሮው እስኪላጥ ይጮኻል። ደግሞ ቀስ ይላል። ደግሞ ይወርዳል። ጎረቤቴ መጥታ “የታመመ ሰው አለ እንዴ?” ብላ ጠይቃኛለች። ሰፈራችን ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉ ቅርብ ስለሆነ ጥያቄው ነውር የለውም።

ክርክራቸው መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር።

“የዓለም ሕዝብ የመሰከረለት አልበም ነው” ይላል ትልቁ።

“ዓለም የት ሰፈር ነው የሚኖረው?” ይላል ትንሹ።

“ጋዜጣ አታነብም? የዘመኑ ምርጥ ተብሏል እኮ።”

“እንግዲያው የሸኖ ነው በለኛ።”

እኔ ጓዳ ሆኜ እስቃለሁ። ትንሹ ክፉኛ የሚጠላት አንዲት ዘፈን ነበረች፤ የመጀመሪያው ጎን መጨረሻ ላይ ያለችው፣ ዜማ የሚባል ነገር የሌላት ጩኸት። “ይህችን አልበሙ ውስጥ ያስገባ ሰው ሙገሳ አይገባውም” ይላል። ትልቁ “ጥልቅ ናት፤ አልገባችህም” ብሎ ይመልስለታል። እሱ ደግሞ የሚምለው በሁለተኛው ጎን መጨረሻ ላይ ባለችው ነው፤ በጊታር ብቻ በምትዘፈን ለስላሳ ዘፈን። “ለዚህች ብቻ ሲባል አልበሙ የፈለገውን ያህል ቢደነቅ አይበዛበትም” ይላል። ትንሹ በእሷ ላይ ዝም ነው። ክፉ አይናገርባትም።

ነገሩ የተበላሸው ትልቁ ማትሪክ አልፎ ለከፍተኛ ትምህርት ጅማ የደረሰው ጊዜ ነው። ጓደኞቹ “እንኳን ደስ አለህ” ሊሉት ቤት መጥተው ካሴቱ እየተጫወተ ነበር። ትንሹ ትምህርቱ አልሰመረለትምና ከእኔ ጋር ሱቅ ይውላል፤ ያን ቀንም ከሱቅ ገብቶ እጁን እየታጠበ ሳለ ትልቁ ለጓደኞቹ የአልበሙን ታላቅነት ሲያስረዳ ሰማው።

“ስሙን ሳይነግሩህ መንገድ ላይ ብትሰማው ኖሮ” አለው፣ “ጭነት መኪና ከኋላ መጣብኝ ብለህ መንገድ ትለቅ ነበር።”

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ትልቁ ፊቱ ነጣ።

“አንተ ሂድና ቅቤ መዝን” አለው። “ቅቤ ሻጭ ስለ ሙዚቃ ምን ያውቃል?”

ሳቁ ቆመ። ትንሹ እጁን ሳይጠርግ ወጥቶ ሄደ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። የትልቁን ሱሪም፣ ደብተሩንም፣ አፉ ውስጥ ያለውን ቋንቋ እንኳ የገዛው ቅቤ ነው። ግን ለእኔ ብዬ አልተቆጣሁም። እኔ ከዚህ የባሰ ሰምቼ አውቃለሁ። የጎዳኝ የትንሹ ጀርባ ነው፤ ከበሩ ሲወጣ አንገቱ ተሰብሮ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዝምታ ሆነ። ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው በእኔ በኩል ይነጋገራሉ። “እማዬ፣ ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው።” “እማዬ፣ ቴፑን ከነካ ባትሪውን እንዳይጨርስ በይው።” እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም እላለሁ፤ አይሰሙኝም። ቀጥሎ አንዱ “ቀድሜ በልቻለሁ” ማለት ጀመረ፤ ሌላው “ቆይቼ እበላለሁ።” እንዲህ እንዲህ እያሉ ትሪዬን አፈረሱብኝ። አስገድጄ አሳሳምኋቸው። እንጨትና እንጨት ቢነካካ ከዚያ የበለጠ ይሞቃል።

በእንቁጣጣሽ ይለቃቸዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። በበዓሉ ማግስት ግን ትልቁ ሻንጣውን ሲያስተካክል አየሁ። ለመሄድ ሳምንት አልቀረውም። ጅማ ሩቅ አይደለም፤ ከአውቶቡስ ተራ ጠዋት ተነሥቶ ቀኑ ሳያልቅ ይገባል። ኩርፊያ ተይዞ ሲኬድ ግን ሩቅ ነው። እኔ አሮጊት ነኝ። እኔ ሳልፍ አንዱ ከሌላው በቀር ማንም የለውም። ሌሊት የማያስተኛኝ ይህ ነበር። እህል አፌ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድልኝም፤ ደንበኛ ሳልመርቅ እሸኛለሁ።

ጎኔ ማር የሚሸጡ ሀጂ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እኔ የቅቤ ሚዛኔን፣ እሳቸው የማር ጣሳቸውን ይዘን አብረን ያረጀን ጎረቤታሞች ነን። ሳልመርቅ ስሸጥ አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

“ለመሆኑ ጉዳዩን ሰምተውታል?” አሉኝ።

“የምን ጉዳይ? ዘፈን እኮ ነው ሀጂ።”

“ቢሆንስ? እርስዎ እኮ የሁለት ሰዎች የሽንኩርት ጠብ እንኳ ከነምስክሩ ካልሰሙ የማይፈርዱ ሴት ነዎት። የገዛ ልጆችዎን ሳይሰሙ ነው ‘ታረቁ’ የሚሉት?”

እውነታቸውን ነው።

አባቴ አገር ቤት ሳለን የሙግት ወዳጅ ነበር። ያኔ ተሟጋቾች ዳኛ ፊት ቆመው፣ ጋቢያቸውን ትከሻ ላይ ጥለው፣ ዘንጋቸውን እየወዘወዙ “በላ ልበልሃ!” እየተባባሉ በግጥም ይከራከሩ ነበር። የሚረታው ማር ይሰጥ ብለው ይወራረዳሉ። እኛ ሴቶች ልጆች ከአጥር ወዲህ ሆነን እንሰማ ነበር። አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፤ ነገሩን ሁሉ ቆሞ የተናገረ ሰው፣ ቢረታ እንኳ፣ ቀለል ብሎት ይሄዳል።

እሑድ ከሰዓት መርካቶ ሲተኛ ሁለቱንም ሱቅ ጠራኋቸው። ሀጂን ደግሞ አብረውኝ እንዲዳኙ ለመንኳቸው። እኔ ብቻዬን አልዳኝም፤ አሳዳጊ ነኝ፤ አሳዳጊ ደግሞ ሳያውቅ ወደ ተጎዳው ያደላል።

“ዘፈን ልታሰሙኝ ነው?” አሉ ሀጂ የማር ጣሳ ገልብጠው እየተቀመጡ። “ለእርቅ ከሆነ አላህ ይቅር ይለኛል። ውርርዱ ማር ነው አይደል? ማንም ይርታ ማን የሚገዛው ከእኔ ነው።”

ለሁለቱም ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጣልኩላቸውና “ተነሡ፤ ተሟገቱ” አልኳቸው።

“እማዬ፣ በናትሽ” አለ ትልቁ። “ሰው ያየናል።”

“እሑድ ነው፤ ማንም የለም። ዳኛ ፊት በናትሽ አይባልም። ቀጥል።”

ትልቁ ተሽኮረመመ። ከዚያ እልሁ መጣ፤ አገጩን ቀና አደረገና፦

“በላ ልበልሃ፤
የሰማይ መብረቅ ሳይሰማ ጆሮህ፣
የዘፈን ዳኛ ማን ብሎ ሾመህ?”

ሀጂ ጭናቸውን መቱ። “አባቱ!” አሉ። ትንሹ የኮባ ቅጠሉን ወዲያ ጥሎ ተነሣ፦

“በላ ልበልሃ፤
ገበያ ያደነቀው ቅቤ ነው ሲሉ፣
እሳት ሲነካው ሙዝ ሆነ ሁሉ።”

እኔ ዳኛ ነኝና አልሳቅሁም፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ልብ ያልኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ፊት ለፊት እየተያዩ ነበር። በቁጣም ቢሆን እየተያዩ ነበር።

“አሁን ተከሳሹ ይሰማ” አልኩ። “ዘፋኞቹ እዚህ የሉም። ሰው በሌለበት የሚፈረድበት ከሆነ ቢያንስ ድምፁ ይሰማ። ሁለቱንም ጎን፤ ከዳር እስከ ዳር።”

እስከዚያ ቀን ድረስ ካሴቱን ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም። በግድግዳ የሚሰማና ቁጭ ብለው የሚሰሙት አንድ አይደለም። ጩኸቱ እንዳለ ነው፤ ግን ከጩኸቱ ሥር የሚመላለስ ዜማ አለው፤ ቀጥ ያለ፣ ሕፃን ልጅ የሚይዘው። ሦስተኛዋ ዘፈን ላይ ሰውየው ድምፁን ሳያነሣ አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል። ቃሉ አይገባኝም። ለቅሶ ቤት፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ ጥግ ይዞ ለብቻው የሚያወራ ሰው አይታችኋል? እንደሱ ነው።

የመጀመሪያው ጎን ሲያልቅ ያቺ ጩኸት መጣች። ሀጂ ጆሯቸውን ያዙ። ትንሹ ምንም ሳይናገር እጁን ብቻ ወደ ቴፑ ዘረጋ፤ ምስክሬ ይኸው ማለቱ ነው። ትልቁ አንገቱን ደፋ።

ሁለተኛው ጎን ሲያልቅ ደግሞ ያቺ ለስላሳ ዘፈን መጣች። ሀጂ መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ ተዉ። ስታልቅ ትልቁ፣ “ይኸው” አለ። “ይህች ብቻ አትበቃም?”

“እሷስ ጥሩ ናት” አለ ትንሹ ወደ እኔ ዞሮ። “አልክድም በይልኝ።”

ሀጂ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ “እንፍረድ?” አሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል።

“ልጄ” አልኩት ትልቁን፣ “ሲጮህ የዋለው ሰውና ይህችን የዘፈናት ሰው አንድ ጉሮሮ ነው?”

“ድምፁን ይለዋውጣል እማዬ። ችሎታው እሱ ነው።”

“ይለዋውጥ። ስሙ የተነሣ ሰው ካለ ግን ምስክር ይጠራል። ካሴቱን የቀዳው ማን ነው?”

ካሴት ቀጂው እሑድም ቢሆን በሩን ገርበብ አድርጎ ሲገለብጥ ይውላል። አስጠራሁት። ሁለት ልጆች ነጠላ ጥለው ሲያይ ግራ ገባው።

“ሠርግ ነው እማማ?”

“ችሎት ነው። ስማና መስክር።” መጨረሻዋን ዘፈን መልሰን አሰማነው። ገና ጊታሩ ሲጀምር ፊቱ በራ።

“ይህቺማ የእኔ ምርቃት ናት!”

“የምን ምርቃት?” አለ ትልቁ።

“ካሴቱ የአንድ ሰዓት ነው፤ አልበሙ አይሞላውም። በሁለቱም ጎን ክር ይተርፋል። ባዶ ክር ብሸጥ ደንበኛ ‘ጎደለብኝ’ ብሎ አይመልስብኝም? ስለዚህ ያገኘሁትን እሞላበታለሁ። ይህቺ ከአንድ ከድሮ ካሴት ላይ ያገኘኋት ናት። ማን እንደዘፈናት እንኳ አላውቅም፤ ወረቀቱ ጠፍቷል። ስለምወዳት ለጥሩ ደንበኛ እሷን ነው የምመርቀው።”

“ለምን አልነገርከውም?” አልኩት።

“ወላሂ እማማ፣ እርስዎ ሲመርቁ ይናገራሉ?”

ትልቁ ግድግዳውን ተደገፈ። ሙግቱ ሁሉ የቆመው በዚያች ዘፈን ላይ ነበር። ፈራሁ። አሁን ተዋርዶ ይወጣል፤ በዚህ ሳምንት ጅማ ይሄዳል፤ አለቀ ብዬ ፈራሁ። ትንሹ ደግሞ ተነሥቶ ነጠላውን አስተካከለ። “በላ ልበል...” ብሎ አፉን ሲከፍት ካሴት ቀጂው ቀደመው።

“በዚያኛው ጎን መጨረሻም አለች እኮ። ያቺ ጩኸቷ። እሷም የእኔ ናት። አንድ ደንበኛ ትቶት ከሄደው ካሴት ላይ ነው የወሰድኳት። አንዱን ጎን በሚያነቃ፣ አንዱን ጎን በሚያስተኛ እጨርሳለሁ።”

ትንሹ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የተሰማው የትልቁ ድምፅ ነው። ሳቅ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። “ክረምቱን ሙሉ” አለ ወንድሙን እያየ፣ “በምርቃት ነው የተጣላነው?”

“ክረምቱን ሙሉ” አለ ትንሹ።

ከሙግቱ ውጪ፣ ያለ አማላጅ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ቃል ነው። ከዚያ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ወደቁ። እኔ ሳቁ ውስጥ አልገባሁም።

እፎይታዬ እንዳይታወቅብኝ ካሴት ቀጂውን ተቆጣሁት። “ለቅቤ የሚመረቀው ቅቤ ነው! ቅቤ ላይ ሽንኩርት የሚመርቅ ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ?”

“አልበሙ አለቀ እኮ እማማ! ከየት ላምጣ?”

“ታረቁ እኮ” አሉ ሀጂ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “ይተዉአቸው፤ ችሎቱ ይነሣ።”

“አይነሣም” አልኩ። “እነዚያ ፀጉራቸውን ያላበጠሩ ልጆች በሰው ጩኸት ተሰድበው፣ በሰው ዘፈን ተሞግሰው ነው የከረሙት። ሁለቱም አይገባቸውም። ምርቃቱ ወጥቶ የራሳቸው ብቻ ይመዘን።”

እንደገና ሰማን። አሁን ግን ማንም ለማሸነፍ አልሰማም። ሦስተኛዋ ዘፈን ላይ ትንሹ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገው።

“ይህቺን ድሮም እወዳታለሁ” አለ። “አንተ ሳትኖር ነው የምሰማት።”

“ባትሪውን የምትጨርሰው አንተ ነህ ማለት ነው!”

“አንተስ አራተኛዋን ሁልጊዜ እያሳለፍክ አይደል የምትሰማው? የቴፑ ቁልፍ ቋ ሲል በግድግዳ ይሰማኛል።”

ትልቁ አንገቱን አከከ። “አራተኛዋና ሰባተኛዋ ትንሽ ይደክማሉ” አለ። ይህን ከአፉ ለመስማት ያን ሁሉ ወር ማንም አልቻለም ነበር።

እኔና ሀጂ ተማከርን። ከዚያ ፈረድኩ። “ሸኖ ስሙ ከቅቤው ይበልጣል፤ ግን ሸኖ እውነተኛ ቅቤ አለው። ዓለም አጨበጨበ ተብሎ ለጋ አይባልም፤ ዓለም አጨበጨበ ተብሎም ሙዝ አይባልም። ይህ ካሴት መካከለኛ ነው፤ ወደ ለጋ ያደላል። የሰውየው ሐዘን የራሱ ነው፤ አልተቀላቀለበትም። ሙገሳው ይገባዋል፤ ግን የተሰጠውን ያህል አይደለም።”

“ለጋ ነው” አለ ትልቁ።

“በሳል ነው” አለ ትንሹ። “ለራስ ምታት።”

“ይግባኝ የለም” አሉ ሀጂ። “ማሩን ሁለታችሁም እኩል ትገዛላችሁ።”

“አንድ ክስ ይቀራል” አልኩ። የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ትልቁን አየሁት፤ ስሙን አልጠራሁም፤ ያችን ቃልም አልደገምኳት። በአገራችን ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። መርካቶ ውስጥ ድንጋይ የት ይገኛል ብዬ ሳስብ፣ እሱ ወደ ሚዛኔ ሄዶ ትልቁን የብረት መመዘኛ አነሣና አንገቱ ላይ አድርጎ ወንድሙ ፊት ጎንበስ አለ።

“ይቅር በለኝ” አለው። “ቅቤ ሻጭ ያልኩህን።”

ትንሹ መመዘኛውን ከወንድሙ አንገት ላይ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

“አውርደው” አለ። “ነገ ሰኞ ነው፤ በምን ልንመዝን ነው?”

የሚሄድበት ዕለት ንጋት ላይ አውቶቡስ ተራ ሦስታችንም ነበርን። ሻንጣውን የተሸከመው ትንሹ ነው። እኔ ንጥር ቅቤ በጣሳ አሽጌ ይዤለታለሁ። ቴፑ ለትንሹ ቀርቶ ካሴቱ ተገልብጦ ለትልቁ ተሰጥቶት ነበር። ካሴት ቀጂው የተቆጣሁትን አልረሳምና “ምርቃቱን ልተወው ወይስ ልጨምረው?” ብሎ ጠይቋቸዋል። ሁለቱም በአንድ አፍ “ይኑር” አሉ። ጩኸቷም ጭምር።

አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ትልቁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። “ቅቤ ሻጩ! እማዬን አደራ!”

“አንተም እዚያ ሄደህ የሸኖ ነው ብለህ እንዳትሸጠው!” ብሎ ትንሹ መለሰለት። በዙሪያችን ያለው ተሳፋሪ ሁሉ ሳቀ። ትንሹ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ እጁን አላወረደም።

ወደ ሱቅ በእግራችን ስንመለስ ድንገት ራበኝ። የዋዛ ረሃብ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ርቦኝ አያውቅም። መንገድ ዳር ከምትገኝ አንዲት ምግብ ቤት ገባንና ፍርፍር አዘዝን። አሳላፊዋ “በሁለት ሳህን ይሁን?” ብላ ጠየቀች።

“በአንድ ትሪ” አለ ትንሹ፣ እኔ ሳልመልስ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ እኔ ዘረጋ።